ጠገራው ኦርጅናል ነው ወይስ ፎርጅድ? ኦንላይን ጨረታ ላይ የድሮ ሳንቲም ለምትገዙ

ባለፈው ሰሞን ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ሚኒሶታ ያለው የአክስቴ ልጅ ነው። እሱ ጋ ገና ቀን ነው፤ ድሬ ግን ሙቀቱ በረድ ብሎ ሰው ገና እንቅልፍ የወሰደው ሰዓት ነው። ስክሪንሾት ልኮልኛል። አንድ ጠገራ ብር (ያ ሴትዮ ያለችበት የድሮ የብር ገንዘብ)፣ ከሥሩ ደግሞ «እጅግ ብርቅዬ፣ የ1780 ኦርጅናል፣ ከአቢሲኒያ የተገኘ» ይላል። ጨረታው ሊዘጋ 40 ደቂቃ ቀርቶታል። «ሐረርጌ ያደግከው አንተ ነህ። ልጨምር ወይስ ልተወው? ቶሎ በል!»

«ተወው» አልኩት። «ለምን?» አለ። ለምኑ በ40 ደቂቃ የሚያልቅ አልነበረም። በማግስቱ ቁጭ ብዬ ጻፍኩለት፤ ይኸው እሱኑ አስፍቼ ነው ያመጣሁት። ጥያቄው የሱ ብቻ አይደለማ። ቴሌግራም ላይ የድሮ ብር የሚጫረቱ ግሩፖች አሉ፤ ውጭ ያሉ ዘመዶቻችንም ናፍቆት ሲነሳባቸው ኢቤይ ገብተው «ኢትዮጵያ» ብለው ይፈልጋሉ። እዚያ የሚጠብቃቸው ደግሞ ሁሉም ብር አይደለም።

ፎርጅድና ኮፒ አንድ አይደሉም እንዴ?

አይደሉም። መታወቂያችሁን አስቡት። ቀበሌ የሰጣችሁ ኦርጅናል ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ያባዛችሁት ኮፒ ነው፤ ኮፒ ነው እስካላችሁ ድረስ ማንም አይከሳችሁም። አንዱ ጓዳው ውስጥ ማኅተም አስቀርጾ መታወቂያ ቢያትም ያ ፎርጅድ ነው። እውነተኛውን መታወቂያ ወስዶ የልደት ዓመቱን በምላጭ ፍቆ ቢቀይረውስ? ወረቀቱ እውነት፣ ነገሩ ውሸት። አንድ ሌላም አለ፦ መታወቂያው ጠፍቶባችሁ ቀበሌው ራሱ፣ በዚያው ቁጥር፣ የድሮውን ቀን ጽፎ፣ ዛሬ አትሞ ሰጣችሁ እንበል። እውነተኛ ነው። ወረቀቱ ግን የዛሬ ነው።

ሳንቲም ላይም እነዚህ ሁሉ አሉ። በዘመኑ የተመታ ኦርጅናል አለ። ለማስታወሻ የተሠራ ኮፒ አለ። ለማታለል የተሠራ ፎርጅድ አለ። ዓመቱ ወይም አንድ ፊደሉ ተፍቆ «ብርቅ» የተደረገ እውነተኛ ሳንቲም አለ። የመጨረሻውን ዳግም ምት እንበለው፦ መንግሥት ወይም ሕጋዊ ማተሚያ ቤት የድሮውን ዓመት እንደያዘ በኋላ ዘመን የመታው ነው።

ኮፒ የሚሠሩት ፋብሪካዎች ብዙ ጊዜ አይዋሹም። በጅምላ መሸጫ ገጾች ላይ «ኮፒ» ብለው በርካሽ ይሸጣሉ። አንዱ ሃምሳውን ይገዛል፣ ጥቂት ያጠቁራል፣ ከዚያ «የአያቴ ሳጥን ውስጥ ተገኘ» ብሎ አንድ በአንድ ጨረታ ላይ ያወጣል። ሳንቲሙ አልተለወጠም፤ ወሬው ነው የተለወጠው። ስለዚህ ከሳንቲሙ በፊት ወሬው ይመርመር።

አሜሪካ ውስጥ ከ1973 ጀምሮ ያለ ሕግ የሳንቲም ማስመሰያ ሲሠራ «ኮፒ» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል እንዲቀረጽበት ያስገድዳል። ጥሩ ሕግ ነው። ችግሩ ሞረድ የሚባል ነገር አለ። ፎቶው ላይ አንድ ቦታ ብቻ ያለምክንያት ልሙጥ ወይም የተፋቀ ሆኖ ካያችሁ፣ እዚያ ምን ተጽፎ እንደነበር ጠይቁ።

ታዲያ ጠገራው ላይ 1780 የሚለው ውሸት ነው?

ውሸትም አይደለም፣ እውነትም አይደለም። የአክስቴን ልጅ ያደናገረውም ይኸው ነው።

ጠገራው ላይ ያለችው ሴትዮ የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ነች። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 29 ቀን 1780 አረፈች። ብሯ ግን በቀይ ባሕር ዙሪያ፣ በዐረብ አገርና በእኛም አገር ነጋዴ ዘንድ ከመወደዱ የተነሳ ሌላ ዓመት የተጻፈበትን የሚቀበል ጠፋ። ስለዚህ ዓመቱን ሳይነኩ ይመቱት ጀመር። ቪየና መታች። በኋላ ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ቦምቤይ፣ በርሚንግሃም ሳይቀሩ መቱ። በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ነው። ሁሉም ላይ 1780 ተጽፏል።

እኛን የሚነካ ታሪክም አለበት። ሙሶሊኒ አገራችንን ለመውረር ሲዘጋጅ፣ በ1935 እ.ኤ.አ.፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚሠራው ገንዘብ ጠገራ መሆኑን ስላወቀ የመምቻውን መብት ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ ማስመታት ጀመረ። እንግሊዞች ደግሞ «እኛም ያስፈልገናል» ብለው በቀጣዩ ዓመት ለንደን ላይ መቱ። እናም አያታችሁ ሳጥን ውስጥ ያለው ጠገራ የ1780 ሳይሆን የጣሊያን ጦርነት ዘመን ሊሆን ይችላል። እውነተኛ ብር ነው፣ እውነተኛ ጠገራ ነው። 240 ዓመት የሞላው ግን አይደለም።

ቪየና ያለው የኦስትሪያ ማተሚያ ቤት ዛሬም ይመታዋል፤ አዲስ፣ እንደ መስታወት የሚያበራ፣ 1780 የተጻፈበት ጠገራ በሕጋዊ መንገድ መግዛት ይቻላል። በቀጥታ በ1780 የተመታው በጣም ጥቂት ነው። እሱን ከዳግም ምቱ የሚለዩት የንስሩ የጭራ ላባ፣ የደረቷ ጌጥ ቅርጽ፣ የፊደሎቹ አጣጣልና የመሳሰሉ ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። ያ የባለሙያ ሥራ ነው። ለኛ የሚበቃን ይህ ነው፦ «1780 ስለሚል የ1780 ነው» ያለ ሻጭ ወይ አያውቅም ወይ እናንተ እንደማታውቁ ያውቃል።

ዓመት ማቆየት የኦስትሪያ ብቻ ልማድ አይደለም። የራሳችን የጃንሆይ ሳንቲም ላይ ያለው 1936 ዓ.ም. ለረጅም ዓመታት ሳይቀየር ተመትቷል።

ሳንቲሙን ካነሳን አይቀር ስሙኒን ልንገራችሁ። ስሙኒ ዳሩ ለምን ጥርስ ጥርስ እንዳለው ታውቃላችሁ? መጀመሪያ ሲወጣ ክብ ነበር። መጠኑ ግን ከብር ከተሠራው ሽልንግ ጋር ይቀራረብ ነበር። ብልጦች የመዳቡን ስሙኒ ብር እየቀቡ ሽልንግ ነው ብለው ማሳለፍ ጀመሩ። መንግሥት ክቡን ሰበሰበና ዳሩን አስጠርሶ መለሰው። በጨለማም በጣት ዳሰስ ሲደረግ እንዲታወቅ ነው። ያ ክቡ ስሙኒ ዛሬ ሰብሳቢ የሚፈልገው ነገር ሆኗል። እናም የጥርሳሙን ዳር ሞርዶ ክብ አድርጎ የሚሸጥ ሰው ቢመጣ አይግረማችሁ፤ ከተሞረደ ግን ስፋቱም ክብደቱም ይቀንሳል።

የምኒልክ ብር ላይ እኛ ምን እንበልጣለን?

ፊደል። በነጻ ያገኘነው፣ ውጭ ያለ ሰብሳቢ የሌለው ነገር ነው።

የዳግማዊ ምኒልክ ብር ፓሪስ ነው የተመታው፣ ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ። ክብደቱ ከጠገራ ጋር እኩል ለእኩል እንዲሄድ ተደርጎ 28 ግራም ከትንሽ ነው። በአንድ በኩል ንጉሠ ነገሥቱ፣ በሌላው አንበሳው። ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር ነው፦ ፲፰፻፹፯፣ ፲፰፻፹፱፣ እያለ ይሄዳል። አንበሳውም ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንዳንዱ ላይ ግራ እግሩን፣ አንዳንዱ ላይ ቀኝ እግሩን ነው ያነሳው። ስለዚህ የምታዩትን ብር ከተረጋገጠ ያው ዓመት ፎቶ ጋር አስተያዩ። ዓመቱ የአንዱ፣ እግሩ የሌላው ከሆነ ጨዋታው አልቋል።

ቁጥሩ ራሱ ብዙ ወሬ ያፈርሳል። አንድ ሻጭ «1887፣ ምኒልክ ሐረርን የያዙበት ዓመት መታሰቢያ» ብሎ ሲሸጥ አይቻለሁ። ሐረር የተያዘበት የጨለንቆ ጦርነት በ1887 መሆኑ ልክ ነው፣ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር። በኛ 1879 ዓ.ም. ነው። ብሩ ላይ ያለው 1887 ደግሞ የኛ ነው፤ በፈረንጅ 1894 እና 1895 ላይ ይወድቃል። ሰውየው ላይዋሽ ይችላል፣ ሁለቱን የዘመን አቆጣጠር አደባልቆት ነው። ብሩም ኦርጅናል ሊሆን ይችላል። ግን «መታሰቢያ» ለሚለው ቃል ተጨማሪ ዶላር እንዳትከፍሉ።

አሁን ወደ ፊደሉ። ሳንቲም ሁለት ዓይነት አሠራር አለው። ኦርጅናሉ በማተሚያ የተመታ ነው፦ ሁለት የተቀረጹ ብረቶች ጠፍጣፋውን ብር መሐል አድርገው በከባድ ኃይል ይጨቁኑታል። ፊደሉ ጥርት ብሎ፣ ጫፉ ስል ሆኖ ይወጣል። ርካሹ ፎርጅድ ደግሞ ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ነው። የቀለጠ ብረት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ አየር ይይዛል፣ ጠባብ ቦታ አይገባም። ላቲን ፊደል ላይ ይሄ ያን ያህል አይታይም። እኛ ግን የምንለያቸው በትንንሽ ቅጥያ ነው። «ምኒልክ» ውስጥ ያለችውን «ኒ» ተመልከቷት፤ ከ«ነ» የምትለየው ከሥሯ ባለችው ቅጥያ ብቻ ነው። «ንጉሠ» ውስጥ «ጉ» ከጎኗ ያለችው ጭረት ካልወጣች «ገ» ሆና ታርፋለች። ቀልጦ በፈሰሰ ኮፒ ላይ መጀመሪያ የሚጠፉት እነዚህ ናቸው።

ይሄን ከመጽሐፍ አይደለም ያገኘሁት። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ የቴሌግራም ጨረታ ላይ የምኒልክ ብር «አሸንፌ» ነበር። ሻጩ ጨዋ አነጋገር ነበረው፣ «ወንድሜ» «ወንድሜ» ይለኛል። ብሩ ሲመጣ ደስ ብሎኝ ለእናቴ አሳየኋት። መነጽሯን አደረገችና ቀስ ብላ ታነብ ጀመር። «ዳግማዊ… ምነልክ?» አለች። «ምነልክ ማነው?» ሳቅን። እኔ በልቤ ግን አልሳቅኩም።

ፎቶውን ብቻ አይቼ ምን ልወቅ?

ብዙ። መጀመሪያ የሌለውን ፎቶ ፈልጉ። ፊቱና ጀርባው አለ፣ ጠርዙስ? ዘጠና ከመቶ ሻጭ የጠርዝ ፎቶ አያወጣም እንዳልላችሁ ቆጥሬ አላውቅም። ግን ጠይቃችሁ እምቢ ካለ፣ ወይም «ካሜራዬ ቅርብ አያነሳም» ካለ፣ ፊቱን ግን ቅርብ አድርጎ አንስቶት ካለ፣ ነገሩ ገብቷችኋል።

ጠርዝ ለምን? ድሮ ሰው የብሩን ዳር በትንሽ በትንሹ እየሞረደ ብናኙን ያጠራቅም ነበር። ይሄን ለማስቆም ነው ጠርዙ ላይ ጽሑፍና ጌጥ ማድረግ የተጀመረው፤ ሲሞረድ ይጠፋል፣ ያስነቃል። ጠገራው ጠርዙ ላይ «በፍትሕና በምሕረት» የሚል የላቲን ጽሑፍ ከጌጥ ጋር አለው። የምኒልክ ብርም ጠርዙ የተጻፈበት ነው። ለፎርጂደኛ ደግሞ ጠርዝ ራስ ምታት ነው። የማቅለጫው ቅርጽ ሁለት ግማሽ ስለሆነ የሚገጥሙት እዚያው ጠርዙ ላይ ነው። ስፌት ይተዋል። ስፌቱን ለማጥፋት ይሞርደዋል፤ ሲሞርደው ልሙጥ ይሆናል ወይም የሞረድ ጭረት ይቀራል። ልሙጥ ጠርዝ ያለው ጠገራ፣ መሐሉ ላይ እንደ ክር የዞረ መስመር ያለው ጠገራ፣ ጽሑፉ የተንሻፈፈ ጠገራ፣ አታስቡበት።

ሁለተኛ፣ ፎቶውን ጉግል ሌንስ ላይ ጣሉት፤ ተመሳሳይ ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ይፈልግላችኋል። ያው ፎቶ ሌላ ሻጭ ጋ፣ ሌላ ከተማ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ከወጣ፣ ሻጩ እጁ ላይ ሳንቲም የለውም ማለት ነው። ከዚህ የረቀቀም አለ። ሁለት የተለያዩ ፎቶዎች፣ ሁለት የተለያዩ ሻጮች፣ ግን ሴትዮዋ ጉንጭ ላይ ያው ጭረት፣ ያው ቦታ፣ ያው ርዝመት። ጭረት እንደ ጠባሳ ነው፣ ሁለት ሰው አንድ ጠባሳ አይኖረውም። ያ ሲሆን ሁለቱም ከአንድ እናት ሳንቲም የተቀዱ ናቸው፤ እናቲቱ የወደቀችበት ጭረት ለልጆቹ ሁሉ ደርሷቸዋል።

ሦስተኛ ቀለሙ። ጥቁረት በራሱ የእድሜ ማስረጃ አይደለም። ጥቁረት በኬሚካል በአንድ ከሰዓት ይሠራል። በእጅ የዞረ ብር ከፍ ያለው ቦታ ይነጣል፣ ጎድጓዳው ይጠቁራል፤ ሁሉም ቦታ እኩል የጠቆረ ብር ተቀብቷል ብላችሁ ጠርጥሩ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ19ኛው መጀመሪያ የኖረ ቤከር የሚባል የታወቀ ጀርመናዊ ሳንቲም አስመሳይ ነበር። ሳንቲሞቹን ከብረት ብናኝ ጋር ሳጥን ውስጥ ከቶ ሰረገላው ሥር አስሮ በየመንገዱ ያንገላታቸው ነበር ይባላል፣ ያረጁ እንዲመስሉ። ያኔ ድሬ ቢኖር ባጃጅ ላይ አስሮ ገንደ ቆሬ ደርሶ መመለስ ይበቃው ነበር።

አንድ ነገር ግን እንዳይምታታባችሁ። በሐረርጌ ጠገራ አንገት ላይ ይደረግ ነበር። ከላይ ቀለበት ተበይዶበት፣ ከዶቃ ጋር ተሰክቶ። ስለዚህ ዳሩ ላይ የብየዳ ጠባሳ ያለው ብር ፎርጅድ ነው ማለት አይደለም፤ ይልቁንስ የኖረበትን ያሳያል። ለሰብሳቢ ግን ዋጋው ይወርዳል፣ ሻጩም ያንን ቦታ በጣቱ ሸፍኖ ፎቶ ያነሳዋል። በአመድና በሎሚ የተፈተገም እንዲሁ፤ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፣ ግን ተጎድቷል። እባካችሁ ቤት ያለውን አትፈትጉ።

እጄ ከገባ በኋላ በምን ላረጋግጥ?

ሚዛን፣ ካሊፐር (ስፋትና ውፍረት መለኪያው)፣ ማግኔት፣ አንድ ብርጭቆ ውኃ። አንድ በአንድ እንያቸው፣ ማግኔቱን ቶሎ ልጨርስ፦ ከተሳበ ፎርጅድ ነው። ካልተሳበ ምንም አልተረጋገጠም፤ መዳብም ነሐስም አይሳብም። ብዙ ሻጭ «ማግኔት አይስበውም» የሚል ቪዲዮ ይልካል። የቤታችሁን የነሐስ ሙቀጫም አይስበውም።

የኔን «ምነልክ» ይዤ ሐረር ወረድኩ፣ ጀጎል ውስጥ ብር የሚሠሩ ሽማግሌ ጋ። ገና እጃቸው ላይ ሳስቀምጠው «ይሄ ቀለለኝ» አሉ። «ጋሼ፣ በእጅ ይታወቃል እንዴ?» ብላቸው መልስ አልሰጡኝም፣ ሚዛኑን ሳቡት። 23 ግራም ተኩል። ከዚያ ከመሳቢያ አንድ እውነተኛ ጠገራ አውጥተው አጠገቡ አስቀመጡ። 28 ግራም ከትንሽ። በስፋት ሁለቱም 40 ሚሊሜትር አካባቢ ናቸው፣ በውፍረትም እኩል። አንድ መጠን፣ የ4 ግራም ተኩል ልዩነት። እኔ በዚህ በቅቶኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ውኃ አመጡ።

ብርጭቆ ውኃ ሚዛኑ ላይ ቁጭ ይደረግና ሚዛኑ ዜሮ ይባላል። ብሩን በቀጭን ክር አንጠልጥለው ውኃው ውስጥ አጠለቁት፣ ታችም ጎንም ሳያስነኩ። ሚዛኑ 2.75 ግራም አለ። የኔንም አጠለቁ። 2.75። «እኩል ሆነ!» አልኩ፣ ተስፋ አድርጌ። ሳቁብኝ። ያ ቁጥር ሳንቲሙ የገፋው ውኃ ነው፣ ማለትም የያዘው ቦታ። ሁለቱ እኩል ስለሆኑ እኩል ገፉ። አሁን የደረቁን ክብደት ለዚህ ቁጥር አካፍሉት። ጠገራው፦ 28.07 ለ2.75፣ ወደ 10.2። የኔ፦ 23.5 ለ2.75፣ ወደ 8.5። ንጹሕ ብር 10.5 አካባቢ ነው፤ ጠገራ ከስድስት እጅ አምስቱ ብር ሆኖ ቀሪው መዳብ ስለሆነ 10.2 ይሰጣል። 8.5 ደግሞ የነሐስ ቁጥር ነው። ነሐስ ላይ ብር የተቀባ። «ለበር እጀታ ይሆናል» አሉኝ።

ፎርጂደኛው ሞኝ አይደለም፣ ክብደቱን ለማስተካከል ወፈር አድርጎ ሊሠራው ይችላል። ያኔ ካሊፐሩ ይይዘዋል። ሰፋ አድርጎም ቢሠራው ያው ነው። ክብደት፣ ስፋትና ውፍረት ሦስቱንም እንደ ነሐስ ከብር በቀለለ ብረት ማስተካከል አይቻልም፤ አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣበታል። በእውነተኛ ብር የተሠራ ፎርጅድም አለ። ያ ሚዛኑን ያልፋል፤ እሱ ላይ ወደ ፊደሉና ወደ ጠርዙ መመለስ ነው።

ዓይናችሁ እውነተኛውን ካላወቀ ውሸቱን አይለይም። ሐረር ጀጎል ውስጥ በራስ ተፈሪ ቤት ያለው የሸሪፍ ሙዚየም የሳንቲም ስብስብ አለው፤ ሐረር ራሷ በአሚሮቿ ዘመን የራሷን ሳንቲም ትመታ እንደነበርም ሄዳችሁ እዩ። ግማሽ ቀን እዚያ ማሳለፍ ኢንተርኔት ላይ አንድ ወር ከመፈለግ ይሻላል።

ጨረታው ራሱ ይታመናል?

ጨረታ ላይ ሁለት ነገር ነው ሰውን የሚያቃጥለው፣ ሰዓቱና ሌላው ተጫራች። ሰዓቱ እየቆጠረ ሲሄድ አእምሮ ይዘጋል፤ የአክስቴ ልጅ በ40 ደቂቃ ውስጥ የ240 ዓመት ጥያቄ ሊፈታ ነበር። ሌላው ተጫራች ደግሞ ሻጩ ራሱ፣ ወይም ወንድሙ በሌላ ስም ሊሆን ይችላል። ዋጋ እየጨመረ እናንተን ወደ ላይ ይገፋል፤ ቢያሸንፍ ምንም አይደል፣ ሳንቲሙ ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት የመጨረሻ ዋጋችሁን ወረቀት ላይ ጻፉ። ጠገራ ከሆነ መነሻው የብሩ ዋጋ ነው፦ አንዱ ጠገራ ውስጥ 23.4 ግራም ያህል ንጹሕ ብር አለ። ከዚያ በታች የሚሸጥላችሁ ሰው ለምን እንደሚከስር ራሳችሁን ጠይቁ።

ሻጩን እዩት። የሚሸጣቸውን ሌሎች ነገሮች ክፈቱ። አንድ «ብርቅዬ» ሳንቲም አምስት ቦታ ካለው ብርቅዬነቱ እዚያው አበቃ። የተሰጡት ምስጋናዎች ሁሉ ለስልክ ከቨር ከሆኑ ስለ ሳንቲም ምንም አይነግሯችሁም። «እኔ ባለሙያ አይደለሁም፣ እንዳያችሁት ግዙ፣ አይመለስም» የሚለው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ትሕትና አይደለም፤ ነገ ስትከሱት የሚያወጣው ጋሻ ነው። ኢቤይን የመሳሰሉ ትልልቆቹ ኮፒ ሳንቲም መሸጥን ይከለክላሉ፣ ገንዘብ የማስመለሻ መንገድም አላቸው። ያ የሚሠራው ግን ክፍያው በነሱ በኩል ካለፈ ብቻ ነው። «ከገጹ ውጭ ላክልኝ፣ ቅናሽ አደርግልሃለሁ» ካለ ደህና ሁን በሉት።

የቴሌግራም ግሩፕ ላይ እንደዚህ ያለ ጥበቃ የለም። ቴሌብር ከላካችሁ ልካችኋል። ሻጩ ድሬ ወይም ሐረር ካለ ወርቅ ቤት እንገናኝ በሉት፣ ሚዛኑ እዚያው አለ። እውነተኛ ብር ያለው ሰው ሚዛን አይፈራም። እኔ ይሄን ያወቅሁት ከተበላሁ በኋላ ነው።

በፕላስቲክ የታሸገና ሰርተፍኬት ያለውስ?

ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ የሚባሉ የአሜሪካ ድርጅቶች ሳንቲም መርምረው፣ ደረጃ ሰጥተው፣ በጠንካራ ፕላስቲክ አሽገው ቁጥር ይሰጡታል። ያ ቁጥር ድረ ገጻቸው ላይ ይፈለጋል። ችግሩ ፕላስቲኩም ፎርጅድ ይሠራለታል፣ ያውም የእውነተኛ ሳንቲም ቁጥር ተገልብጦ። ስለዚህ ቁጥሩ መኖሩ አይበቃም፤ ድረ ገጹ ላይ ፎቶ ካለ የሚወጣውን ፎቶ ከእናንተው ጋር ጭረት በጭረት አስተያዩ። ሻጩ ራሱ ያተመው «የእውነተኛነት ሰርተፍኬት» ደግሞ የወረቀት ዋጋ አለው።

የአክሱም ሳንቲም ብናገኝስ?

እዚህ ላይ ጥያቄው ኦርጅናል ነው አይደለም ብቻ አይደለም። ፎርጅድ ከሆነ ገንዘባችሁ ሄደ። ኦርጅናል ከሆነ ደግሞ ቅርስ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ሰው በአጋጣሚ ያገኘውን ቅርስ እንዲያሳውቅ ያዛል፣ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትንም ይከለክላል። ማሳ ውስጥ የተገኘ የአክሱም ወርቅ ቴሌግራም ላይ ሲጫረት ካያችሁ፣ የምትገዙት ወይ ውሸት ነው ወይ ጣጣ።

የአክስቴ ልጅ ይሄን ሁሉ አንብቦ «እሺ፣ ግን ያ ጠገራ ፎርጅድ ነበር ወይስ አልነበረም?» አለኝ። ጨረታው ተዘግቷል፣ አንድ ሰው ወስዶታል፣ ምን አውቄ። በአራተኛው ቀን ስልኬ እንደገና ጮኸ። አሁንም ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት። ያው ሻጭ፣ ያው ፎቶ፣ «እጅግ ብርቅዬ»፣ ዋጋው ተመልሶ ከታች ጀምሯል። በዚህ ጊዜ ግን ልጁ ቀድሞ የጠርዙን ፎቶ ጠይቆ ነበር፤ ሻጩም፣ ይገርማችኋል፣ ልኮለታል። ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። ጽሑፍ የለም፣ ጌጥ የለም። መሐሉ ላይ ቀጭን መስመር ብሩን ዙሪያውን ከቦታል።